በሳን ቬናንዚዮ ግድግዳ ላይ ያደገችው ልጅ

ፌራራ፣ ሰኞ ኖቬምበር 17 ቀን 2014

ዛሬም ሚስቴ ብዬ ለምጠራሽ ለኒቬስ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ቀኝ እጅሽስ ትንሽ ተሻለው? እህትሽ ባለፈው ፋሲካ በስልክ ስታወራኝ ማንኪያ በግራሽ መያዝ ለምደሻል አለችኝ። እኔ እንደምታውቂኝ ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል፣ ዐይኔ ግን ተመስገን ነው። ብደውል ድምፄን ስትሰሚ እንደምትዘጊው አውቃለሁ፤ ስለዚህ ጻፍኩ። ደብዳቤውን የምትሰጥሽ ቫንዳ ትባላለች፣ የአርጂያ የእህት ልጅ ናት፣ ሥራዋ እዚያው ትሪዬስቴ ነው። አርጂያን መቼም አትረሻትም፣ የሳን ቬናንዚዮን ቁልፍ የምትይዘውን ምላሰኛ። እባክሽ አትቅደጂው። መቅደድሽ ካልቀረም አንብበሽ ስትጨርሺ ቅደጂው።

ሳላድበሰብስ ልንገርሽ። ከነገ ወዲያ ሐሙስ ነው ልል ነበር፤ ቀኑም ተምታቶብኛል። ዛሬ ሰኞ ነው። የፊታችን ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በሳን ቬናንዚዮ ጸሎት ቤት የዶናታን ፊት ከግድግዳው ላይ በእርጥብ ስፖንጅ እንዳጠፋ ታዝዣለሁ። የልጃችንን ፊት፣ በገዛ እጄ። ከዚያ በፊት ግን ለአንቺ መናገር ያለብኝ ነገር አለ። ሠላሳ ዓመት ያልወጣልኝ ነገር ስለሆነ ዙሪያውን ብሽከረከር ታገሽኝ።

የቅርስ መሥሪያ ቤቱ የጠራኝ ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። የመሬት መንቀጥቀጡ ጸሎት ቤቱን ሰነጣጥቆት ከሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ጀምሮ ተዘግቷል። አሁን ሊጠግኑት ነውና «ድሮ የሠሩበት እርስዎ ስለሆኑ ይምጡና ይምከሩን» አሉኝ። እንቢ ማለት ነበረብኝ። ግን ይህቺ ከተማ ለእኔ ምን እንደሆነች ታውቂያለሽ። ከባቡር ስወርድ ጉሙ እንደ ጥንቱ መሬት ላይ ተኝቷል፤ ብስክሌቶቹ ደወላቸው ይሰማል እንጂ አይታዩም። ሻንጣዬን እንኳ ሳላስቀምጥ በቀጥታ ወደ ዲያማንቲ ቤተ መንግሥት ሄድኩ። ያን ሁሉ ሺህ ሹል ድንጋይ የጠረቡትን ሰዎች እጅ ዛሬም መሳም ያምረኛል። መዳፌን ማዕዘኑ ላይ አድርጌ እንደ ጅል ቆምኩ። ከዚያ በቮልቴ ጎዳና ቅስቶች ሥር አለፍኩ፣ ካቴድራሉን አየሁ፣ የድሮው ቤታችን ጎን ካለው ምግብ ቤት ገብቼ በዱባ የተሞላ ካፔላቺ ፓስታ በላሁ። አስተናጋጁ ለምን እንደመጣሁ ሲጠይቀኝ «ለሥዕሉና ለሕንፃው» አልኩት። ለራሴም ያልኩት ይህንኑ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር ኒቬስ፤ ደስ ስላለኝም አፈርኩ።

አርጂያ በሩ ላይ ወንበር አውጥታ ተቀምጣ ነበር። ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ምላሷ ግን ገና ሃያ አልሞላውም።

«ኦዲኖ ነህ እንዴ? እኔ እኮ ሞተሃል ብዬ ሻማ አብርቼልሃለሁ!»

«ታዲያ ምን ይሻላል፣ እናጥፋው?»

«ተወው ይንደድ። ዛሬ ባይሆን ነገ ትደርስበታለህ።»

ሳቅን። ከዚያ ቁልፉን ከአንገቷ አወጣችና በሩን እየከፈተች፣ ስለ አየሩ የምታወራ ያህል ቀለል አድርጋ «ልጅቱን ልታይ ነው የመጣኸው? አድጋለች» አለችኝ።

የማርያም ልደት ያለበትን ግድግዳ አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ። ሐና አልጋዋ ላይ ናት፣ ሴቶቹ ከብበዋታል፣ በስተቀኝ ጥግ አንዷ የሕፃኗን መታጠቢያ ውሃ በሳሕን ይዛ ትገባለች። እኛ በሰማንያ ሦስት ሥራውን ስንረከብ የዚያች የሳሕን ያዧ ፊት አልነበረም። ርጥበት ልስኑን በልቶት ረግፎ፣ ከአንገቷ በላይ ባዶ ነበር። ሕጋችንንም ታውቂዋለሽ። ለተሰነጠቀውና ለተላጠው ቀጫጭን ቋሚ መስመር በውሃ ቀለም ደርድረን እንሞላለን፤ ከሩቅ ያየ ሰው ሥዕሉን ሙሉ ያገኘዋል፣ ተጠግቶ ያየ ደግሞ መስመሩን አይቶ ይህ የጠጋኝ እጅ ነው ይላል። የጠፋ ፊት ግን አይፈጠርም። ማን እንደነበረች ካልታወቀ ባዶዋን አመድማ ቀለም ቀብቶ መተው ነው። መምህራችን ለዚህ ሲል ስንቱን በብሩሽ እጀታ ጣቱን መትቶታል።

እኔ ግን ዶናታን ከቀበርናት ከሦስት ወር በኋላ የእሷን ፊት ሣልኩበት። የዘጠኝ ዓመት ፊቷን፣ እስከ ፊት ጥርሷ ክፍተት ድረስ ላሳየው ብዬ ሳልችል ቀርቼ ከንፈሯን ገጠምኩት። ለመሥሪያ ቤቱም «ባዶው እንዳለ ተትቷል» ብዬ በሪፖርቴ ጻፍኩ። አንቺ መወጣጫው ላይ ወጥተሽ አየሽው። ወርደሽ ሄድሽ፣ በዚያው በጋ ትሪዬስቴ ገባሽ። ፌራራን ዳግም አልረግጥም ብለሽ ለእህትሽ መማልሽንም ሰማሁ።

አሁን ሳሕኑን የያዘችው የአርባ ዓመት ሴት ናት።

ዐይኔ ነው ብዬ መነጽሬን ጠረግሁ። ጉንጯ ሟሙቷል፣ አገጯ የእናትሽን አገጭ ሆኗል፣ ቅንድቦቿ መሃል አንቺ ስትቆጪ የምታመጪያት ያቺ ጭረት አለች። ከግራ ጉንጯ በላይ፣ ከጆሮዋ አጠገብ፣ ሽበት ጀምሯታል። ግን ዶናታ ናት። አባት ልጁን አይስትም። የተነቀለው የወለል ንጣፍ ክምር ላይ ተቀመጥኩ።

«ማን ነው የነካው?» አልኳት አርጂያን።

«ማን ይነካዋል? ልጅ ያድጋል። የኔዎቹ አምስቱም አድገዋል፤ እሷስ ምን አደረገች?»

«አርጂያ፣ ይህ ግድግዳ ነው!»

«እኔም አውቃለሁ ግድግዳ መሆኑን። አትጩህባት፣ ትሰማለች።»

በማግስቱ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ መጡ፤ ዶክተር ሳማሪታኒ፣ ልጃችን ብትኖር እኩያዋ የሚሆኑ ጠንቃቃ ሴት። ከቦርሳቸው አራት ፎቶግራፍ አውጥተው መወጣጫው ጣውላ ላይ ደረደሩልኝ። የመጀመሪያው በሰማንያ አራት መጨረሻ በክብረ በዓል ቀን የተነሳ ነው፤ ሕፃን ልጅ። ሁለተኛው የዘጠና ሦስት ሠርግ ነው፤ ከሙሽሮቹ ጀርባ የአሥራ ስምንት ዓመት ኮረዳ። በሁለት ሺህ አንዱ ትልቅ ሴት ሆናለች። የመጨረሻው መንቀጥቀጡ ሊደርስ አንድ ዓመት ሲቀረው የተነሳ ነው።

«አንድ ሰው ሠላሳ ዓመት ሲቀልድብን ኖሯል» አሉኝ። «የእርስዎ ሪፖርት ባዶ ነው የተተወው ይላል።»

«ይላል።»

«ታዲያ ይህቺ ልጅ ከየት መጣች?»

ያን ጊዜ እውነቱን መናገር ይቻል ነበር። እኔ ግን፣ ፈሪ መሆኔን አንቺ ታውቂያለሽ፣ «እኔ ከሄድኩ በኋላ ይሆናላ» አልኩ።

«እኔም እንዲያ ነው የገመትኩት። እንግዲህ ሐሙስ በእርስዎ እጅ ቢጠፋ ደስ ይለኛል። የውሃ ቀለም ስለሆነ ስፖንጅ ይበቃዋል። የእርስዎ ሥራ ንጹሕ እንደነበረም ይመዘገብልዎታል።»

ንጹሕ! አንገቴን ደፍቼ እሺ አልኩ።

እሳቸው ሲሄዱ ማጉሊያዬን ይዤ ወጣሁ። ያው እኛ የእጅ ጽሕፈት እንደምንለየው መስመር እንለያለን። ከሥር ያለው የእኔ ነው፣ ወደ ግራ ትንሽ ያዘነበለ። በላዩ ላይ ግን ሌላ መስመር አለ። ሰው ሁሉ ብሩሹን ከላይ ወደ ታች ይስባል፤ ይህ ከታች ወደ ላይ ነው የተሳበው፣ ጫፉም ላይ ጠብታ የምታህል ነጥብ ቀርታለች። እንዲህ የሚያደርግ ጠጋኝ በዕድሜዬ አንድ ነው ያየሁት። ስንተዋወቅ ገና፣ «ሣር ወደ ታች ሲያድግ አይተህ ታውቃለህ?» ብለሽ የቀለድሽብኝን አልረሳሁትም።

አርጂያን ያዝኳት። «ኒቬስ ትመጣ ነበር አይደል?»

ፊቷን አዞረች። «ምዬ ነበር።»

«ማንም አልነካውም አላልሽኝም?»

«የዋሸሁት አንተን ነው፤ እግዚአብሔርን አልዋሸሁም።» ከዚያ እንባዋ መጣ። «በየዓመቱ በልጅቱ ልደት፣ በጃንዋሪ ሃያ ስድስት፣ በጠዋቱ ባቡር ትመጣለች። ቁልፉን እሰጣታለሁ፣ ሦስት ሰዓት ያህል ትቆያለች፣ እጇን ታጥባ ትሄዳለች። አንድ ቀን ምን እየሠራሽ ነው ብላት ‹ዘንድሮ አሥራ አምስት ሞላት፣ ፀጉሯን እያስረዘምኩላት ነው› አለችኝ። እንዲህ የምትል እናት ላይ ማን ይናገራል? አንተ ትናገር ነበር?»

አልናገርም ነበር። ኒቬስ፣ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። እኔ ልጄን የዘጠኝ ዓመት አድርጌ ግድግዳ ላይ ጥያት ስሸሽ አንቺ ታሳድጊያት ነበር። ስለዚህ ብቻ እግርሽ ሥር ብወድቅ ያንሰኛል።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር።

«እስከ መቼ መጣች?» አልኳት።

«እስከ ሁለት ሺህ ስምንት። ከዚያማ እጇ ሞተ፣ መምጣቷም ቀረ።»

«ከዚያ ወዲህ ማን ገባ?»

«ማንም። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ከመንቀጥቀጡ በኋላማ በሩ በግንድ ተደግፎ ድመትም አያሳልፍ።»

«ታዲያ ሽበቱን ማን ቀባው?»

አርጂያ አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ ጨበጠች። ከዚያ አማተበች።

ተመልሼ ወጣሁ። ሽበቱ ላይና አፏ ዙሪያ ያሉት መስመሮች የእኔም አይደሉም የአንቺም አይደሉም። ቋሚ አይደሉም፤ ተኝተዋል። ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ምንጣፍ ሰንበሌጥ ተጋድመዋል። በትምህርት ቤት የወደቀ ተማሪ እንኳ እንዲህ አይሠራም። እንዲህ ስትሠራ ያየናት አንዲት ናት። ጠረጴዛው ላይ ጉንጯን አስደግፋ በልስን ስባሪ ላይ መስመር ስትለማመድ፣ አንቺ «ልጄ፣ መስመር ይቆማል እንጂ አይተኛም» ስትያት ምን ነበር ያለችሽ? «ስተኛ እኮ ለእኔ ቆሟል።»

ኒቬስ፣ ሽበቱን በጣቴ ነካሁት። እርጥብ ነበር።

ሽማግሌው አበደ በይ፤ መብትሽ ነው። ግን ፎቶግራፎቹን አስቢ። እኔም አንቺም የሣልነው አፍ ዝግ ነው። በመጨረሻው ፎቶግራፍ ላይ ከንፈሯ ሳሳ ብሏል፣ ገና አልተላቀቀም። ዐርብ ዕለት ስደርስ ክር የምታህል ክፍተት ነበረችው። ቅዳሜ የላይ ጥርሶቿ ጫፍ ታየኝ። ትናንት እሑድ ደወሉ ተደውሎ ሰዉ ሁሉ ካቴድራል ሲሄድ እኔ ማስመሪያ ይዤ ወጣሁና ለካሁት። የትንሽ ጣቴን ጥፍር ያህል ተከፍቷል። ልትናገር ነው። ምን እንደምትናገርም ያወቅሁ መሰለኝ፤ ስለዚህ ስፖንጁን አንስቼ ባልዲው ውስጥ ነከርኩት። ሐሙስን መጠበቅ አልቻልኩም። ልጄን አፏን ላዘጋት እጄን አንስቼ ነበር፣ ሰምተሻል? ውሃው በክንዴ ወደ ብብቴ ሲወርድ ቀዝቃዛነቱ ያን ቀን አስታወሰኝና ስፖንጁ ከእጄ ወደቀ።

እንግዲህ ልናገር። እሷ ከምትነግርሽ እኔ ልንገርሽ።

ያን ቀን ዳቦ ልትገዢ ስትወጪ የጸሎት ቤቱን በር ቆልፈሽው ነበር። ቆልፈሽው፣ ቁልፉን በመስኮቱ ሥር አስገብተሽ «ኦዲኖ፣ ልጅቱ እንዳትወጣ፣ ቦዩ ዳር በረዶ ነው» ብለሽኝ ነው የሄድሽው። እኔ መወጣጫው ላይ ነበርኩ። የግቢው ቧንቧ ቀዝቅዞ አልወርድ አለ፣ የኖራው ባልዲ እየደረቀብኝ ነበር፣ ወርጄ መሄድ ደግሞ ታከተኝ። «ዶናታ፣ ሂጂ ቮላኖ ቦይ ዳር አለቅልቀሽው ነይ» አልኳት። በሩን ወርጄ የከፈትኩላት እኔ ነኝ። ለመክፈት ወረድኩ፣ ባልዲውን ራሴ ልወስደው ግን ታከተኝ። ይኼውልሽ ልኬ። «እሺ አባ» ብላ ደስ ብሏት ወጣች፤ ሥራ ስለታዘዘች ራሷን እንደ ትልቅ ሰው ቆጥራ ነው የሄደችው። በረዶው ከሥሯ ተሰብሮ ቦዩ ወሰዳት።

ፖሊሱ «በሩ ክፍት ነበር ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ «ክፍት ነበር» አልኩና ወደ አንቺ አየሁ። ሌላ አላልኩም፤ አየሁሽ ብቻ። አንቺም «የቆለፍኩት መስሎኝ ነበር» አልሽ፣ ድምፅሽ እንዴት እንደነበር እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው፣ እናትሽ ሳትቀር፣ ያቺ በሯን ሳትቆልፍ የወጣች ብሎ ሲያወራ ሰማሁ። ዝም አልኩ። ስለ ባልዲው ማንም አልጠየቀኝም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የቆለፍሽውን በር ክፍት ትተሽ እንደሄድሽ አድርጌ አኖርኩሽ። ቆልፈሽው ነበር ኒቬስ። አንቺ ቆልፈሽው ነበር።

ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ይህን ለመጠየቅ የሚበቃ ፊት የለኝም። ለዶክተር ሳማሪታኒም ነገ እነግራቸዋለሁ፤ ፊቱን የሣልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ሪፖርቱም ውሸት እንደሆነ። እኔ አላጠፋም ካልኩ ሌላ ሰው ማምጣታቸው አይቀርም። ሕግ ሕግ ነው፣ እኔም ብሆን እንዲያው ነበር የማደርገው። ከሐሙስ አራት ሰዓት በኋላ አመድማ ባዶ ይሆናል።

ዛሬ ጠዋት ለአርጂያ ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብላ ቀሚሷን ሰብስባ፣ በዚያ ዕድሜዋ፣ መወጣጫው ላይ ወጣች። እጇን ይዤ ደገፍኳት። ፊቷን ወደ ልጅቱ ፊት አስጠግታ አፏን መረመረች።

«አንተ የከሳሽ አፍ መስሎህ ነው የፈራኸው?» አለችኝ።

«ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?»

«አንተ ቂል። አምስት ወልጃለሁ፣ አፍ አውቃለሁ። የሚከስ ሰው አፉን ያጠብበዋል። ይኼ ከእንቅልፉ ነቅቶ ቤቱ ጨለማ የሆነበት ልጅ አፍ ነው። እናቷን እየተጣራች ነው።»

እሷ ከወረደች በኋላ ተጠግቼ አየሁ። እውነቷን ነው። ሠላሳ ዓመት የፈራሁት ለእኔ የተከፈተ አፍ መስሎኝ ነበር፤ ዶናታ ግን ስለ እኔ ምንም የምትለው የላትም። ዐይኗ እንኳ በእኔ በኩል አልፎ ያያል። ቀናሁ ብልሽ ታምኚኛለሽ? ብትከሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ከትሪዬስቴ የጠዋቱ ባቡር ሜስትሬ ላይ ይቀየራል፣ እኩለ ቀን ሳይሆን እዚህ ትደርሻለሽ፤ እጅሽ ሻንጣ የማይችል ከሆነ ቫንዳ እንድታግዝሽ ለምኛታለሁ። እኔን ማየት ካልፈለግሽ ለአርጂያ ንገሪያት፣ ከከተማው እወጣለሁ። መወጣጫውን ዝቅ አድርጌ መደገፊያ ሠርቼለታለሁ፣ በግራ እጅሽ ይዘሽ መውጣት ትችያለሽ። እርጥብ ቀለምና ብሩሽም ጣውላው ላይ ትቼልሻለሁ፤ ፀጉሯን ልታበጥሪላት ብትፈልጊ።

አምላክ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ የዐይንሽን ብርሃን አይውሰድብሽ፣ የተሸከምሽውን ያላንቺ ጥፋት የተጫነብሽን ሸክም ከትከሻሽ ያውርድልሽ። ወደ እኔ ባትመጪም ግድ የለም። ወደ እሷ ግን ከሐሙስ በፊት ነይ፤ እየጠራችሽ ነው።

የዶናታ አባት
ኦዲኖ